የጫማው እድፍ

ጫማ ሰሪውን የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ሚሊሜትር» ይለዋል። ግራና ቀኝ ታኮ የፀጉር ያህል ከተበላለጠ እንቅልፍ አይወስደውም። ደንበኛው «ኧረ ይበቃል፣ አይታይም» ሲለው «ለአንተ አይታይህም» ብሎ እንደገና ይፈታዋል። በዚህ አመሉ ለሠርግ የታዘዘ ጫማ ሠርጉ ካለፈ በኋላ አድርሶ ያውቃል። ሙሽራው በተውሶ ጫማ ተድሯል።

ቤቱም እንደ ሱቁ ነው። ሚስቱ ሕፃናት ማቆያ ስትሠራ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ይህን ሁሉ ዘመን አብረው ሲኖሩ በትልቅ ነገር ተኳርፈው አያውቁም፤ የሚኳረፉት በፎጣ አሰቃቀል ነው። እሱ ጫፍና ጫፉ እኩል ይሁን ይላል፣ እሷ ፎጣ የሚሰቀለው ሊደርቅ ነው ትላለች፣ ምሳ ይቀዘቅዛል።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ወደ ገዛ ገላው ሲመጣ የት እንደሚገባ እንጃ። ስኳር እንዳለበት ከተነገረው ቆይቷል። ሐኪሟ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ ስኳር እግር ያደነዝዛልና እግሩንም በየቀኑ እንዲያይ አደራ ብላው ነበር። ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ያወራላት ግን ስለ ሐኪሟ ጫማ ነው። የግራው ታኮ ተንጋዷል፣ እንዴት እንደዚያ ሆና ትሄዳለች ብሎ ሲያዝንላት አመሸ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ይሄኔ ነው።

አንድ ጠዋት ሱቁ ገብቶ እንደ ልማዱ ጫማውን በነጠላ ጫማ ሲቀይር፣ የቀኙ ጫማ ውስጥ እድፍ አየ። ክው አለ። ንጣፉ በገዛ እጁ ያለበሰው፣ ነጣ ያለ፣ ለስላሳ ቆዳ ነው። ወደ መስኮቱ ወስዶ ቢያገላብጠው ሶሉን በስቶ የገባ ሚስማር ጫፉን ብቅ አድርጎ አገኘው። ከራሱ ወለል ላይ የረገጠው የራሱ ሚስማር ነው። በጉጠት ነቀለው፣ የሚስማር ነገር በዚሁ ተዘጋ። ካልሲው ጥቁር ስለሆነ ምንም አያሳይም፤ እሱም አላየውም።

እድፉን ይዞ ጎረቤቱ ላውንድሪ ቤት ሄደ። ባለቤቱ በቀዝቃዛ ውሃና በጨው ነው የሚለቀው አለ። ልብስ ልትወስድ የመጣች ሴትዮ ጨው ቆዳ ያደርቃል፣ በኮምጣጤ ነው አለች። ባለ ላውንድሪው በሙያው ስለመጡበት ተቆጣ። ጉንጭ አልፋ ክርክሩ ሲጦፍ አንድ መንገደኛ ቆም ብሎ የራሱን ጨምሮ ሄደ። እነዚያ ሁሉ ሰዎች የደም እድፍ ነው ሲባል ሰሙ፤ የማን ደም ነው ያለ ግን አልነበረም።

አይፈረድባቸውም። ሰው የሚጮኸው እጁ በሚደርስበት ነገር ላይ ነው። ስለ እድፍ ሁሉም የሚለው አለው፣ ሞክሮታል፣ አስለቅቆታል። የማይሰማ እግር ሲያጋጥም ግን ምን ይባላል? ስለዚህ ስለ ጨው ይወራል።

ለምሳ ጫማውን ይዞ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ንጣፉን ቀይረው አለችው። እሱ አንዱ ከተቀየረ ሁለቱም መቀየር አለባቸው አለ። የጫማ ውስጥ ማን ያይብሃል አለችው። እኔ አያለሁ አላት። ነገሩን ለመቁረጥ ጫማውን ከእጁ ነጠቀችና ጣቷን ወደ ውስጥ ሰደደች። ጣቷ የሚስማሩን ቀዳዳ አገኘ። 

«አንተ ሰውዬ፣ አላመመህም?»

ዕድሜዋን ሙሉ ወድቀው የሚነሱ ሕፃናትን የት ጋ ነው የሚያምህ ስትል የኖረች ሴት ናት። እሱ እግሩን ቁልቁል አየ። ሚስማር ረግጦ ሱቁ ሄዷል፣ ሚስማር ረግጦ ቤቱ ገብቷል። ምንም አልተሰማውም። ያኔ ገና ፈራ።

ካልሲውን ራሷ አወለቀችው። ቁስሉ የዛሬ አልነበረም፤ ዙሪያው ጠቁሯል፣ አብጧል። አልጮኸችም፣ አልወቀሰችም። ምድጃውን አጥፍታ ቦርሳዋን አንጠለጠለችና ታክሲ ጠራች።

ሐኪሟ ቁስሉን ጠርጋ አይታ፣ ጥቂት ቀን ዘግይታችሁ ቢሆን የምናወራው ስለ መቁረጥ ነበር አለቻቸው። አሁን ግን እግሩ ይተርፋል። ጫማ ሰሪው ሁለቱም ሴቶች ፊት አለቀሰ፤ አላፈረም።

ለወራት ያን እግር መሬት ሳያስረግጥ ተቀመጠ። ባለ ላውንድሪው ሊጠይቀው መጥቶ «እኔ ደግሞ ጨው ጨው እላለሁ፤ ሞት ይርሳኝ» ብሎ አንገቱን ደፋ። ጫማ ሰሪው ሳቀ። እሱም ያው ጨው ሲጠይቅ ነበር የዋለው።

አሁን በየጠዋቱ ሚስቱ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ትቀመጥና እግሩን ጭኗ ላይ ታሳርፋለች። በጣቶቹ መሃል እየፈለቀቀች በመስኮቱ ብርሃን ታያለች፤ አትቸኩልም። መጀመሪያ ሰሞን ሕፃን አደረግሽኝ ብሎ ያጉረመርም ነበር፤ አሁን ሳትጠራው መጥቶ ይቀመጣል። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ያውቀዋል።

አንድ ቀን አውራ ጣቷን በጠባሳው ላይ እያስኬደች «ይሰማሃል?» አለችው።

«አይሰማኝም» አላት። «እጅሽን ግን እያየሁት ነው። ተመስገን።»

እሷ ቀና ሳትል «ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ ግራው ይቀራል» አለችና ሌላኛውን እግሩን አነሳች።