ጀርባ የሌለው ዳንቴል

እናቴ ከበሩ በስተቀኝ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ዝቅተኛዋ ወንበር ላይ ነበረች። ማዳም ሲራኑሽ ከፊት ለፊቷ፣ ብርሃኑ በትከሻዋ በኩል እንዲመጣላት ፊቷን ከመንገዱ መልሳ ተቀምጣለች። አዴ ፋጡማ እንደ ልማዷ ወንበር አልፈለገችም፤ የበረንዳው ደረጃ ላይ እግሯን ዘርግታ በሰሌን ማራገቢያ ትራገባለች። እኅቴ ጽጌ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማለች፤ መቀመጫ ጠፍቶ አይደለም፣ የሚሠራው ነገር ሁሉ ለእሷ ሠርግ ስለ ነበር መቀመጥ ያሳፈራት ይመስለኛል። አባቴ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ብስክሌቱን ገልብጦ ሰንሰለቱን ያጠብቃል። እኔ ከእናቴ እግር አጠገብ መሬት ላይ፣ የክር ቅርጫቱን ታቅፌ።

ባለፈው ሳምንት የልብስ ሳጥኔን ስከፍት፣ ለብል የተደረገው የካፉር ሽታ ሲቀበለኝ ከሁሉ በፊት የመጣልኝ ይህ አቀማመጥ ነው። ከሳጥኑ ያወጣሁት የጽጌን የጠረጴዛ ልብስ ነበር። ጽጌ ካረፈች በኋላ ልጆቿ ለእኔ እንዲሆን ብለው አምጥተውልኝ፣ አጥቤና ተኩሼ ካስቀመጥኩት ወዲህ አልነካሁትም። አብራኝ የነበረችው የልጅ ልጄ ጨርቁን አንድ ጊዜ እንዲህ፣ አንድ ጊዜ እንዲያ አድርጋ አየችውና፣ «አያቴ፣ ፊቱ የቱ ነው?» አለችኝ። እናቴ ይህን ጥያቄ ብትሰማ ምን ያህል ደስ እንደሚላት አሰብኩ።

ቤታችን ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ የባቡር ሠራተኞች ከሚኖሩባቸው በረንዳቸው ሰፋፊ ቤቶች አንዱ ነበር፤ አባቴ በባቡሩ ጋራዥ ብረት የሚሠራ ባለሙያ ነበርና። ድሬዳዋ ውስጥ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ወደ ቤት ያስገባል፤ ሱቆች ይዘጋሉ፣ የጋሪ ፈረሶች እንኳ ጥላ ሥር ቆመው ያንቀላፋሉ። አሥር ሰዓት አለፍ ሲል በረንዳችን ላይ ውሃ ይረጫል፤ ሲሚንቶው ውሃውን ጠጥቶ የእርጥብ አቧራ ሽታ ሲያወጣ፣ ጎረቤት ሴቶች ጥልፋቸውን በነጠላ ጠቅልለው አንድ በአንድ ይመጣሉ።

በረንዳችን አንድ ደንብ ነበራት። የመጣችው ሴት ሥራዋን ስታወጣ ፊቱን አታሳይም፤ ገልብጣ እናቴ ጭን ላይ ታኖረዋለች። የእናቴ ሙያ የመስቀል ጥልፍ ነበር፤ የጨርቁን ክር እየቆጠረች፣ ከስንዴ ፍሬ የሚያንሱ መስቀሎችን እየደረደረች፣ ጽጌረዳውንም ወፉንም ታወጣዋለች፤ ስትገለብጡት ደግሞ ጀርባው እንደ ፊቱ ንጹሕ ነው። የሌላዋ ሥራ ላይ ክሩ ከአበባ ወደ አበባ እንዲያው ዘሎ፣ ቋጠሮው ተንጠልጥሎ ካገኘችው እናቴ መቀሷን ታነሣለች። አንዳንዷ መቀሱን ስታይ ጨርቋን ነጥቃ እየሳቀች ትሸሽ ነበር። ሰው ቤት ስንሄድ እንኳ እናቴ የሬዲዮኑን ልብስ ጫፍ ቀስ ብላ ገለብ አድርጋ እንደምታይ ስለምናውቅ፣ አባቴ አስቀድሞ ጉሮሮውን ጠራርጎ ያስጠነቅቃት ነበር።

አዴ ፋጡማ ብቻ መቀሱን አትፈራም። ባሏ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ቅመም ይሸጣል፤ እሷ ደግሞ የትራስ ልብስ ላይ ቀይና ብርቱካንማ አበባ ትጠልፋለች፤ ፊቱ ዓይን ይስባል፣ ጀርባው ግን ጉድ ነው። «አቦ ተይኝ፣ የጽጌ እናት!» ትላለች። «የኔ ጀርባ ልክ እንደ ቀፊራ ነው። የፈለግሽው ሁሉ ይገኝበታል!»

ማዳም ሲራኑሽ ግን የሚገለበጥ ነገር ይዛ አትመጣም። ሰዓት ሠሪ ባሏ ከሞተ በኋላ ከጎናችን ባለው ቤት ብቻዋን የምትኖር አርመን ነበረች። ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ከአዴ ፋጡማ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእናቴ ጋር በአማርኛ፣ ከድመቷ ጋር በአርመንኛ ታወራለች። ከቦርሳዋ የምታወጣው አንዲት ትንሽ መወርወሪያ ነበር፤ የሸማኔ መወርወሪያ ትመስላለች፣ ርዝመቷ ግን ከጣት አይበልጥም። መርፌ የለ፣ ጨርቅ የለ። ክሩን በግራ እጇ ጣቶች ላይ ታዞርና መወርወሪያዋን በቀኝ እጇ ይዛ ከሥር ታሳልፋለች፣ ከላይ ትመልሳለች፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ ትደረድራለች፤ ከዚያ ክሩን ሳብ ስታደርገው ጣቶቿን ከቦ የነበረው ሰፊ ዙር እየጠበበ፣ እየጠበበ መጥቶ የጠብታ ቅርጽ ያለው ቀለበት ሆኖ ይዘጋል። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ባቡር ጣቢያም ብዙ የሚያስደንቅ ነገር አይቻለሁ፤ ቀለበቱ ሲዘጋ እንደማየት ትንፋሽ ያሳጠረኝ ነገር ግን አልነበረም። ከባዶ አየር ላይ የምትለቅመው ይመስለኝ ነበር። ቀለበት ከቀለበት እየተያያዘ ጉልበቷ ላይ ሲወርድ፣ በረንዳው ላይ ያለው ወሬ ራሱ ድምፁን ይቀንሳል።

የጽጌ ሠርግ ቀን ሲቆረጥ እናቴ ትልቁን የጠረጴዛ ልብስ ጀመረች። ጽጌ የምትሄደው አዲስ አበባ ነው፤ የማናውቃቸው የባሏ ዘመዶች ዙሪያውን ተቀምጠው ይበሉበታል፤ እናቴም እጇን የምታሳያቸው በዚያ ጨርቅ ነው። መሐሉን በሰማያዊ መስቀል ጥልፍ ሞላችው። ከዚያ አንድ ቀን ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት፣ «ዙሪያውን እንደ ማዳም ያለ ዳንቴል አደርግለታለሁ» አለች።

ማዳም ደስ ብሏት፣ «እኔ ልሥራልሽ፣ ዘነበች» ስትላት፣ «የልጄን እኔው» ብላ መለሰች። «ያሳዩኝ» ግን አላለችም። ዘመኗን ሙሉ የሰው ሥራ ጀርባ ስትመረምር የኖረች ሴት በዚያው በረንዳ ላይ ተማሪ መሆን አልሆነላትም። የምታውቀው የመማሪያ መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ጥልፍንም፣ ኪሮሽንም፣ የልብስ ስፌትንም የተማረችው የሌላ ሰው ሥራ ገልብጣ እያየች ነው። ስለዚህ ማዳም ለእኔ ሠርታ የሰጠችኝን የዳንቴል አንገትጌ ከልብሴ ፈትታ ወሰደችው። ገለበጠችው። ጀርባው እንደ ፊቱ ነበር። መልሳ ገለበጠችው። እናቴ አንድን ሥራ ደጋግማ ስትገለብጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አባቴ ከበሬ ቀንድ አንዲት መወርወሪያ ሞርዶ፣ አለስልሶ፣ የክር ቅርጫቱ ውስጥ አኑሮላት ነበር። እናቴ ሰው ሁሉ በሚተኛበት የቀትር ሰዓት ማድ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች። ቋጠሮው ሲታይ ልክ የማዳም ነው፤ ክሩን ስትስበው ግን ቀለበቱ አይዘጋም፣ ባለበት ተቆልፎ ይቀራል። ትቆርጠዋለች። ሌላ ትጀምራለች። የተቆራረጠው ነጭ ክር ከማድ ቤቱ እየወጣ በየክፍሉ ሲገኝ አባቴ፣ «ቤቱን ሸረሪት ወረሰው እኮ» አለ፤ ፊቷን ካየ በኋላ ግን አልደገመውም።

በዚህ መሐል ማዳም ልጇ ወዳለበት አገር ልትሄድ መሆኑ ተሰማ። ዕቃዋ ተሸጠ፣ ድመቷ ለአዴ ፋጡማ ተሰጠች፣ የጅቡቲው ባቡር ትኬት ተቆረጠ። ከተማው ውስጥ ያን ሥራ የሚያውቅ ሌላ ሰው አናውቅም ነበር። እናቴ ግን አሁንም አልጠየቀቻትም፤ የጠረጴዛው ልብስ ዳሩ እንደ ተራቆተ ተጣጥፎ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጽጌም ባለፈች ባገደመች ቁጥር ዓይኗን ጣል ታደርግበት ነበር።

መጀመሪያ ላይ የቆጠርኳቸው ሰዎች በረንዳው ላይ የተሰበሰቡት በመጨረሻው ቀን፣ ማዳም በማግሥቱ ጠዋት ልትሳፈር ስትል ነው። ለስንብት የመጣች ብትሆንም ባዶ እጅ መቀመጥ አታውቅምና መወርወሪያዋን አውጥታ መሥራት ጀመረች። እናቴ ዳቦ አቀረበች፣ ሻይ ቀዳች፣ ተቀመጠች። ከዚያ እጇን ወደ ቅርጫቱ ሰድዳ፣ ከክሮቹ ሥር የቀንድ መወርወሪያዋንና አንድ ያልተዘጋ ቀለበት አወጣች። ሁላችንም አየን። እናቴ ያንን የማይዘጋ ነገር ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ልማዷ ገለበጠችው።

ማዳም እጇን በላዩ ላይ አሳረፈች። «እዚያ የለም፣ ዘነበች።»

እናቴ አንገቷን እንደ ደፋች፣ «ያሳዩኝ» አለች።

ይህን ቃል ከእሷ አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ጽጌ ከበሩ መቃን ቀና አለች። ማዳም ወንበሯን ጎትታ ጉልበታቸው እስኪነካካ ተጠጋችና የእናቴን እጆች እያየች እንድትሠራ አደረገቻት። አንድ ቋጠሮ አየች፤ በቃት። የእናቴን ቀኝ እጅ አልነካችም። የግራ እጇን አንጓ ያዘች።

«ቀኝሽ ጥሩ ነው። ይቺ ናት የማትለቅ። ቀኝሽ ሲያጠብቅ ይቺ ትላላ። ያን ጊዜ ቋጠሮው ራሱ ከዚህኛው ክር ወደዚያኛው ይዘላል። አንቺ አትሰሪው፤ ልቀቂለት።»

እናቴ ሞከረች። አልሆነም። ያቺ ግራ እጅ ስንት ዓመት ጨርቅ ወጥራ የያዘች እጅ ናት።

«ዋላሂ፣ ማዳም፣» አለች አዴ ፋጡማ፣ «ይቺ ሴትዮ እጇን ማላላት ከቻለች ጽጌንም ሳትለቅልን አትቀርም!»

ጽጌ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቆመች። እናቴ ቀና ብላ አላያትም። ክሩን እንደ ገና ጣቶቿ ላይ አዞረች፤ መወርወሪያዋን ከሥር አሳለፈች፤ ከዚያ የግራ እጇ ጣቶች፣ ሁልጊዜ የተወጠሩት፣ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሕፃን እጅ ለስለስ ብለው ሲወርዱ አየሁ። ቋጠሮው ዘለለ። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ተሻገረ። ሌላ ጨመረች፣ ሌላም ጨመረች። ግቢው ውስጥ የአባቴ ብስክሌት ጎማ መዞሩን አቆመ። እናቴ ክሩን ቀስ ብላ ሳበችው፤ ዙሩም ጠበበ፣ ጠበበ፣ ተዘጋ።

ማናችንም አላጨበጨብንም፣ እልልም አላልንም። አዴ ፋጡማ እንኳ ማራገቢያዋን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቀረች።

እናቴ የጨርቁን ዳር ዙሪያውን ጨረሰችው፤ ጽጌም ይዛው ሄደች። ዛሬ ሳጥኔ አጠገብ ተቀምጬ ስመለከተው እናቴም፣ አባቴም፣ አዴ ፋጡማም፣ ጽጌም የሉም፤ የቀንድ መወርወሪያዋም የት እንደ ገባች አላውቅም። ከዚራ ስሄድ ኒሞቹ አሉ፤ በረንዳችን ግን በብሎኬት ተዘግቶ ክፍል ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ሥራዋን ገልብጣ ሰው ጭን ላይ የምታኖር ሴት አጋጥማኝ አታውቅም። እኔ ጥልፉን ተምሬአለሁ፤ ያንን ዝላይ ግን አልቻልኩትም፣ እናቴም ልታስተምረኝ ጀምራ ሁለታችንም ሥራ በዛብን። ባለፈው ሳምንት ለጠየቀችኝ የልጅ ልጄ፣ «ፊቱ ሁለቱም ነው» አልኳት፤ ጣቷን ቀለበቶቹ ላይ እያስኬደች ብዙ ቆየች።

ያን የስንብት ዕለት ፀሐይዋ ከኒሙ ጀርባ ስትወርድ ማዳም መወርወሪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ጽጌን ሳመች፣ አዴ ፋጡማን ሳመች፣ ጭንቅላቴን ዳሰሰችኝ። እናቴ ልትሸኛት ብትፈልግም ክሩ ግራ እጇ ላይ እንደ ተጠመጠመ ነበርና፣ ከተነሣች አዲስ የጀመረችው ቀለበት ይፈርስባታል። ማዳም በእጇ ምልክት «ተቀመጪ» አለቻት። ከዚያ ደረጃውን ወረደች፤ በአባቴ አጠገብ፣ በኒሙ ሥር አልፋ የግቢውን በር ከፈተች፣ ወጣች።