ሦስት የቤንዚን ፓምፕ በአንድ ፀጉር ቤት

አማቼ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰፈሩ «ሚዛን» ይለዋል፤ ሁሉን ሲመዝን ስለሚውል እንጂ ልኩን ስለሚያውቅ እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ሁለት ሸሚዝ አልጋው ላይ ያነጥፍና አንዱን ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ሌላውን ያነሳል፣ ያስቀምጣል፤ ኋላ የትናንቱን ለብሶ ውልቅ ይላል። ልጄንስ ቢሆን መርጦ ያገባት መሰላችሁ? እሷ ናት «አንተ ሰው፣ የምታገባኝ ከሆነ ተናገር፣ ካልሆነ በሩን ዘግተህ ውጣ» ያለችው። በሩን መዝጋት አቃተውና ቀረ። አብሬያቸው ስለምኖር ምንም አያመልጠኝም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ ይግባ! ዝም ብዬ ከምፈነዳ ዝንብ ብውጥ ይሻለኛል።

በዕድሜው ሳያመነታ የገዛው ነገር ቢኖር ያቺን መኪና ነው። እሷ ከሱ በዕድሜ ትበልጣለች። ክብ ክብ መብራት አላት፣ ወንበሯ ላይ ቁጭ ሲሉባት እንደኔ ታቃስታለች። ገና ሲያያት ዓይኑ በራ። ሥራ በፈታ ቁጥር በጨርቅ ይወለውላታል። ልጄ ታዲያ «እኔን እንዲህ ዳብሰኸኝ ታውቃለህ?» ትለዋለች። እሱ ደግሞ ይሄንንም ቁም ነገር አድርጎ ያስብበታል።

ችግሩ ዳገት ነው። ሜዳ ላይ ደህና ትሄድና ዳገት ስትጀምር ትንዘፈዘፍና ቀጥ! በቀደም ወደ ትልቋ ልጄ ቤት ስንሄድ አጋማሽ ላይ ቆመች። ሚስቱ፣ ትንሿ ልጄ፣ በአዲስ ጫማዋ ወርዳ ገፋች። ከኋላችን የመጣ የአውቶቡስ ሹፌር ደግሞ አላልፍ ብሎ ቆሞ፣ ተሳፋሪው በሙሉ በመስኮት እየተንጠለጠለ ያያታል። እቤት ስንገባ ጫማዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«የፊታችን እሁድ እህቴ ጋ እሄዳለሁ፤ በዚችው ነው የምሄደው» አለችው። «መንገድ ላይ ከቆመች፣ ሰኞ ለቆራሌው ነው የምትሸጠው።»

ልጄ ስትቆጣ ትጮሃለች። የምሯን ሲሆን ግን ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ያን ቀን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው። የአማቼ ፊት አመድ መሰለ። አንጀቴን በላው፣ እውነቴን ነው።

በማግስቱ የሰፈሩ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ አየና «የቤንዚን ፓምፗ ሞታለች» አለ። ውስጧ ያለው ላስቲክ ተሰነጣጥቋል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ቤንዚን ሲጠይቃት አትደርስለትም። እዚያ ምን ታደርጊ ነበር እንዳትሉኝ፤ ነበርኩ በቃ።

«ሌላ አምጣና እገጥምልሃለሁ» አለው። «ግን አንተው ምረጥ፤ ኋላ እኔ ላይ ጣጣ እንዳታመጣ።»

ምረጥ! ይሄን ለማን እንደሚለው አላወቀም።

አማቼ ሄዶ ሦስት ይዞ መጣ፤ ሻጩ ያልፈለግከውን ትመልሳለህ ብሎታል። አንዷ ገና ከካርቶን ያልወጣች አዲስ ናት፣ ታብረቀርቃለች። ሁለተኛዋ ከተጣለች መኪና ላይ የተፈታች አሮጌ፣ የጥንቷ ራሷ። ሦስተኛዋ በባትሪ የምትሠራ፣ ገመድ ያላት፤ «ዘመናዊ» የተባለላት። ሦስቱንም ከፀጉር ቤቱ መስታወት ሥር፣ ከማበጠሪያውና ከአልኮሉ ጋር ደረደራቸው። ከዚያ ሊላጭ የመጣውን ሁሉ መጠየቅ ጀመረ። እኔም ጥግ ያለችውን ወንበር ያዝኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ቤት ተቀምጠው አይሰሙትም።

ሥጋ ሻጩ አረፋ ተቀብቶ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሏል። አማቼ ምላጩን ማንቁርቱ ላይ አሳርፎ፣ «አዲሷ የምትሻል ይመስለኛል፤ አንተስ?» አለው።

«ልክ ነህ» አለ ሥጋ ሻጩ፣ ከንፈሩን ሳያነቃንቅ።

ቀጥሎ ጡረተኛው ፖስተኛ ተቀመጠ። «አሮጌዋ ናት የምትታመነው፤ አይደለም ጋሼ?»

«ምን ጥርጥር አለው ልጄ።»

ያ የአውቶቡስ ሹፌርም መጣ። «በባትሪ የምትሠራዋስ?»

«እሷን ነዋ!»

ሱቁን ዘግቶ እቤት ሲገባ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «እማማ፣ ግራ ገባኝ እኮ። ሦስቱም ጥሩ ናቸው። አንድም ሰው አልተቃወመኝም።»

«አንተ የዋህ! ጉሮሮው ላይ ምላጭ የተያዘበት ሰው ምን ይበልህ? ተሳስተሃል ይበልህ?»

እጁን ከራሱ ላይ አወረደ። ለካ ይሄን ሁሉ ዘመን ሰው ሲላጭ አስቦት አያውቅም! ቆይቶ ደግሞ፣ «ታዲያ የፀጉር ቤቱን ቀለም ሁሉም ወደዱት ብዬዎት የነበረው…» አለ።

«እሱን ተወው» አልኩት። አረንጓዴው እንኳን ለሰው ለዝንብም አይመች።

በነጋታው ሦስቱም ደንበኞች ሊያሾፉበት ይሁን ወሬ ሊሰሙ እንጃ፣ አንድ ላይ መጡ። አማቼ ምላጩን መሳቢያ ከቶ ጠየቃቸው። ወይ ጉዴ! ቤቱ ገበያ ሆነ።

«አዲሷ? ለመታያ የተሠራች ቆርቆሮ!» አለ ሥጋ ሻጩ።

«አሮጌዋም አትሆንህ» አለ ፖስተኛው። «ያችኛዋን የገደላት እርጅና እሷን ይምራል?»

«የባትሪዋስ?»

«ቤንዚኑን በኃይል ስትገፋው ካርቡራቶሬው ሞልቶ ይፈስብሃል!» አለ ሹፌሩ። «ልትቃጠል ነው የምትፈልገው?»

«ትናንት እኮ እሷን ነዋ ብለኸኝ ነበር!»

«ትናንትማ ግማሽ ጢሜ ነበር የተላጨው!»

እንግዲህ እዩት። ትናንት ሦስት ጥሩ ነበረው፤ ዛሬ ሦስት መጥፎ። ምክሬን ባልሰጠው ይሻለው ነበር መሰለኝ። ማበጠሪያውን ኪሱ ከትቶ፣ አዲሷን ፓምፕ ይዞ የሰው ፀጉር ሊያበጥርባት ሲል ደረስኩበት።

ቅዳሜ ሦስቱንም ተሸክሞ ጋራዥ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩ። መካኒኩ የሞተችውን ፈትቶ ከጎናቸው አስቀመጣት። «እጇን እይ» አለው። ለካ ሞተሩ እየገፋ የሚያሠራት አንዲት እጅ አለቻት። የአዲሷ እጅ ጥፍር ያህል ታጥራለች፤ ሞተሩ ጋ አትደርስም። የአሮጌዋ እጅ ልክ ናት፣ ላስቲኳ ግን ደርቆ ክው ብሏል። የባትሪዋ ደግሞ ጭራሽ እጅም የላት።

«የቷ ትግባ ታዲያ?» አለ አማቼ።

«ምረጥ ብዬሃለሁ።»

አማቼ አዲሷን አነሳ። አስቀመጠ። አሮጌዋን አነሳ። አላስቀመጣትም፣ አዲሷንም መልሶ አነሳ። ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። «የዚህች ላስቲክ ደህና ነው… የዚህች እጅ ደህና ነው… እና…»

«እና ምን? ጨርሰው!» አልኩ።

«እና… እኔ እንጃ፣ እማማ።»

መካኒኩ ሳቀ። «ሁለቱን አንድ አርግልኝ ልትለኝ ነው?»

«ይሆናል እንዴ?»

«ልካቸው አንድ ከሆነ ለምን አይሆንም።»

ሁለቱንም ፈታቸውና የአንዷን ላስቲክ በሌላዋ ላይ አነጠፈው። ቀዳዳው ከቀዳዳው ገጠመ። አማቼ ግን አልተደሰተም፤ «መረጥኩ ማለት ነው ወይስ አልመረጥኩም?» እያለ ይጠይቀኛል። እኔ ምን አውቄ! መካኒኩ የአሮጌዋን አካል ከአዲሷ ላስቲክ ጋር አስሮ፣ ቤንዚን ባለበት ጣሳ ቱቦዋን ነክሮ እጇን በአውራ ጣቱ ቢጫናት፣ ፊጭ ብላ ጫማዬን አጠበችው።

እሁድ ልጄ ሆን ብላ አሮጌ ጫማ አድርጋ መጣች፤ ልትገፋ ተዘጋጅታ ነው እኮ፣ ክፉ! ከፊት ተቀመጠች፣ እኔ ከኋላ። ዳገቱን ጀመርን። አማቼ መሪውን እንደ ገደል አፋፍ ጨብጦታል። በቀደም የቆመችበት ቦታ ስንደርስ መኪናዋ ተንዘፈዘፈች፤ ልጄ እጇን በሩ መክፈቻ ላይ አሳረፈች። እኔ የፊቱን ወንበር ያዝኩ። አንዴ አሳላት፣ ከዚያ እንደገና ያዘችና ወጣች። ወጣች! የትልቋ ልጄ በር ላይ ደርሰን ቆምን፤ ሞተሩ እንደበራ ነው።

«የትኛዋን ነው ያስገባኸው?» አለችው ልጄ።

«የአንዷን እጅ፣ የሌላዋን ሆድ። ስሟን እኔም አላውቀው።»

«ትቆያለች?»

«እሱንም አላውቅ።»

ልጄ ወደ እህቷ በር አየች። ጠበቅኩ፣ አልወረደችም። በሩን ለቀቀችና እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«እህቴ አሁን ተኝታ ነው የምትሆነው» አለች። «እስቲ ወደ ላይ ትንሽ ሂድ። መንገዱ የት እንደሚያደርስ አይቼው አላውቅም።»

አማቼ ዞሮ ወደ እኔ አየ። ይማረክ ወይስ ይሽሽ የጠፋው ሰው ይመስላል። እሷ አጠገቡ እንደሌለች ሁሉ፣ «እማማ፣ ምን ማለቷ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ንዳ፣ አንተ!» አልኩት።