የሞጣዋ ባልቴት

በጃንሆይ ዘመን ቢቸና ተማሪ ሳለሁ፣ በተማሪዎች ልውውጥ ለአንድ ዓመት አሜሪካ እንድሄድ ተመረጥኩ። ልሄድ ሳምንት ሲቀረኝ እናቴ አንድ ባልቴት ከሞጣ አስመጣች። ባልቴቷ ገና ከመቀመጣቸው «ነይ እስቲ፣ ቁሚ» አሉኝ። ቆምኩ። «ተራመጂ» አሉ። ተራመድኩ። ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣታቸው ዳሰሱት። ቀጥለው ደግሞ «ሳቂ» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። በእኛ አገር ሴት ልጅን እንዲህ አገላብጦ የሚያይ ለልጁ ሚስት የሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። እናቴ ጉዞዬን አስቀርታ ልትድረኝ መስሎኝ «እኔ ባል አልፈልግም! ይሂዱልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ባልቴቷ አልተቆጡም። «ባል አላመጣሁብሽም፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ አልቃሽ ነኝ። እዚያው ብትቀሪ ሬሳሽ አይመጣልንም። ሳላውቅሽ ምን ብዬ አለቅስልሻለሁ?»

እናቴን አየኋት። መሬት መሬቱን ታያለች።

ከዓመት በኋላ በደህና ተመለስኩ። በማግስቱ ታናሽ እህቴ ጓሮ ጎመን እየቀነጠሰች ታንጎራጉራለች። ጠጋ ብዬ ሰማኋት። አረማመዴ፣ ጠባሳዬ፣ አሳሳቄ፣ ሁሉም አለበት።

«ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ባልቴቷ ለእማዬ ሲያሰሟት ያዝኩት» አለችኝ፣ ጎመኗን ሳትተው።

ዛሬ ባልቴቷም እናቴም የሉም። እህቴ ግን አለች። ከሙሾው አንድም ቃል አልረሳችም።