ወንድሜ እሺ ያለበት ዘፈን

ወንድሜ ሶፋ ያለብሳል። ሰው ያረጀ ሶፋውን አምጥቶ ይጥልለታል፤ እሱ የድሮውን ጨርቅ ይገፈዋል፣ ምስማሩን በጉጠት እየነቀለ ጣሳ ውስጥ ይጥላል፣ የረገበውን ስፕሪንግ ያስራል፣ ስፖንጅ ቆርጦ ይሞላል፣ አዲስ ጨርቅ ወጥሮ ይመታዋል። እሁድ እሁድ ደግሞ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። የሮክ ባንድ አላቸው፤ አሳታሚ የላቸውም፣ በራሳቸው ኪስ ይቀርፃሉ፣ ራሳቸው ይሸጣሉ፣ ብዙ ጊዜም ራሳቸው ይሰሙታል። ኢንዲ ነው የሚባለው አሉኝ። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ ስሙን ለእነሱ ትቼላቸዋለሁ።

ከልጅነቱ ጀምሮ የሚታወቀው በአንድ ቃል ነው፤ በእሺ። ውሃ ቅዳ ቢሉት እሺ፣ ተኛ ቢሉት እሺ። እማዬ "እሺ ይበልጣል ከሺህ" እያለች ትኮራበት ነበር። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝና ብዙም አልኮራሁበትም፤ ውሃው አይቀዳም፣ እሱም አይተኛም። ለእሱ እሺ ማለት በር መዝጋት ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳያስቀይም።

እማዬ ሆስፒታል ስትገባ አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። እሱ ከሥራ ሲወጣ ስፖንጅ ስፖንጅ እየሸተተ ይመጣና አልጋዋ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። "በልተሃል?" ትለዋለች። "እሺ" ይላታል። "አሁን በልተሃል ለሚል ሰው እሺ መልስ ነው?" ብዬ እቆጣለሁ፤ እማዬ ትስቃለች። የሞተች ቀን ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ "ልጁ በልቷል?" አለችኝ። ልጁ የምትለው እሱን ነው፤ ፂሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ቢልም ለእሷ ልጁ ነው። "በልቷል" አልኳት። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ስልኬን አንስቼ ደወልኩለት። "እማዬ አረፈች" አልኩት። "እሺ" አለኝ። ስለ እሱ የጠየቀችውን ልነግረው አፌን ስከፍት ስልኩ ተዘግቷል።

ቀብሩ ላይ አላለቀሰም። ይዞት ነው፣ ይወጣለታል አልን። ግን አልወጣለትም። ሥራውን ይሠራል፣ ልምምዱን ይሄዳል፣ የጠየቁትን ይመልሳል፤ ፊቱ ላይ ግን ሰው የለም። የምልክለት ሳህን እንደ ተከደነ ይመለሳል። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎት የሶፋ ጥብጣብ ቆርጦ አሰረበት። "እማዬ እኮ መጨረሻ ላይ..." ብዬ ስጀምር "እሺ እቴቴ፣ በኋላ" ይለኛል። ያ በኋላ የሚባለው ጊዜ ግን የት እንደገባ እንጃ። እኔም ብሆን ደህና አልነበርኩም፤ ፀጉር እየጠቀለልኩ የማን ራስ እንደ ያዝኩ የምረሳበት ቀን ነበር። ግን እበላለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ እሳደባለሁ። እሱ ምንም የለውም። እናቴን ቀብሬ ወንድሜን ደግሞ በቁሙ ልቀብረው ነው ብዬ ፈራሁ።

አልበማቸው የወጣው በዚህ መሃል ነው። አንድ ቀን አስተማሪ ደንበኛዬ ቢጎዲን ተጠቅልሎላት ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጣ ስልኳን ታነባለች። "ይሄ የወንድምሽ ባንድ አይደለም እንዴ?" አለችኝ። ካስኩ ስለሚያገሳ እሷም ትጮሃለች፤ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየን።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"ሐያሲው 'በጥንቃቄ የተሠራ አልበም ነው፤ ግን ደም የለውም' ይላል። 'ቤዝ ተጫዋቹ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ነው የሚጫወተው።'"

የማን አባቱ ሐያሲ ነው አልኩ በሆዴ። ስድቡ አናደደኝ፤ እውነት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

"ቆይ፣ አልጨረስኩም እኮ። 'ርዕስ የሌለው የመጨረሻው ትራክ ግን አልበሙን ከሞት አስነሥቶታል። በሚንቀጠቀጥ የኤሌክትሮኒክ ምት ይጀምራል፤ አንድ ድምፅ እሺ ይላል፤ ከዚያ የጊታሩ ድምፅ ማጉያ ብቻውን እምምም እያለ ይቀራል። ባንዱ እንዲህ ደፍሮ አያውቅም።' ሌላው ደግሞ ያ እሺ የአንድ ትውልድ እጅ መስጠት ነው ብሏል። ሦስተኛው የለም፣ የፍቅረኞች ስንብት ነው ብሎ ይሟገተዋል። ተጣልተውበታል ነው የምልሽ።"

"እስቲ አሰሚኝ" አልኳትና ካስኩን አጠፋሁት።

ቲክ ቲክ ትርርር የሚል ድምፅ መጣ። ሬዲዮ አጠገብ ያስቀመጡት ስልክ ሊጠራ ሲል ሬዲዮው የሚያሰማው ድምፅ ነው፣ ሌላ አይደለም። ከዚያ የወንድሜ እሺ። ከዚያ እምምም። ማበጠሪያዬ ከእጄ አልወደቀም፤ ይዤው ቆምኩ እንጂ። ትውልድም ፍቅረኛም የለበትም። ያንን እሺ ያስባልኩት እኔ ነኝ።

የአስተማሪዋን ፀጉር እንዴት እንደ ጨረስኩ አላውቅም። በቀጥታ ወንድሜ ሱቅ ሄድኩ። አንድ ትልቅ ሶፋ ገልብጦ ሆዱን ቀዶ ምስማር ይነቅላል።

"ያ ዘፈን የእማዬ ቀን ነው?" አልኩት።

"አዎ።"

"እንዴት ሆኖ?"

ጉጠቱን ሳያስቀምጥ ነገረኝ። ስልክ ማጉያ አጠገብ ከሆነ ቀረጻ ያበላሻል። ስለዚህ ስቱዲዮ ሲገቡ የሁሉም ስልክ በር ላይ ያለ ድስት ውስጥ ይገባና ይከደናል፤ ሕጋቸው ነው። ያን ቀን እሱ ስልኩን በኪሱ ደብቆ ገባ፤ እማዬ ናት ምክንያቱ። ማይክሮፎን የተተከለለት ማጉያ ላይ ተደግፎ ብቻውን ሲቀርፅ ደወልኩ። ማጉያው ቲክ ቲክ አለ፤ ስልኩን አነሣ፤ እሺ አለ፤ ዘጋው፤ ጊታሩን እንዳነገተ ቆሞ ቀረ። ከመስታወቱ ወዲያ ያሉት ዜማ እያሰበ መስሏቸው ቀረጻውን አላቋረጡም። በመጨረሻ ጊታሩን አውርዶ ወጣ። የእማዬን ሞት የነገራቸው በማግስቱ ነው፤ ከስልኩ ጋር ያገናኘው ሰው የለም። በኋላ ዘፋኟ ድምፁን ሰምታ "ይሄ ያምራል፣ መጨረሻ ላይ እናስገባው?" አለችው።

"ምን አልካት?" አልኩት፤ መልሱን እያወቅኩ።

"እሺ አልኳት።"

"ለምን?"

"እንጃ። ስሰማው ምንም አይለኝም እቴቴ። እኔ መሆኔን አውቃለሁ፤ ግን ምንም አይለኝም።" አንድ ምስማር ነቅሎ ጣሳው ውስጥ ጣለ። "ትልቅ አዳራሽ ጠርተውናል። እሁድ ከሰዓት። ያንን ሳትጫወቱ እንዳትወርዱ ብለውናል። መድረክ ላይ ስልክ የሚደውል ሰው ያስፈልጋል። አንቺ ደውይልኝ።"

ደሜ ፈላ። ያን ጣሳ ከነምስማሩ ራሱ ላይ ብደፋበት ደስ ባለኝ። "ጤና የለህም? ሌላ ሰው የለም?"

"ሌላ ሰው ሲደውል ልክ አይመጣም" አለኝ፣ ስለ ጨርቅ ቀለም እንደሚያወራ ሰው። "ምንም አትናገሪም። ትደውያለሽ፣ አነሣዋለሁ፣ እሺ እላለሁ። ከዚያ ማጉያው እስኪጨርስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ እቆማለሁ፤ ዘፋኟ እንደዚያ ያምራል ብላለች። መዝጋት የለም።"

ልሰድበው የከፈትኩትን አፍ፣ "መዝጋት የለም" ሲል ዘጋሁት። ይሄ ልጅ እማዬ ከሞተች ወዲህ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጨርሶኝ አያውቅም።

"እሺ" አልኩት፤ በተራዬ።

እሁድ ሩዝና እንቁላል ሠርቼ በምሳ ዕቃ ቋጥሬ ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ያ ድስት እንኳ መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ የሌሎቹ ስልክ ሁሉ ውስጡ ነው። ከመጋረጃው ጎን እሱን በማይበት ቦታ አቆሙኝ። ተጫወቱ። ወንድሜ እውነትም አውቶቡስ ይጠብቃል። ከዚያ ዘፋኟ ዞር ብላ ራሷን ነቅንቃ ምልክት ሰጠችኝና ደወልኩ።

ማጉያው ቲክ ቲክ ትርርር ሲል ሕዝቡ አወቀውና አጨበጨበ፣ ወዲያው ደግሞ ጸጥ አለ። ወንድሜ ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ።

"እንዳትዘጋው" አልኩት። "እማዬ መጨረሻ ላይ የጠየቀችኝ ስለ አንተ ነው። ልጁ በልቷል ወይ አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። መልሱ ያንተ ነው። በልተሃል?"

ማጉያው እምምም ይላል። ሰው እሺን ይጠብቃል፤ ከፊት የተቀመጠ አንድ ወጣት ቀድሞ በከንፈሩ ሲለው አየሁት። የወንድሜም ከንፈር ለእሺ ተዘጋጀ። ተከፈተ፤ አልወጣለትም። እንደገና ሞከረ።

"አልበላሁም" አለ።

ማይክሮፎኑ ለአዳራሹ ሁሉ አደረሰው። ከበሮ መቺው ዘፋኟን አየ፣ ዘፋኟ እኔን አየችኝ።

"አልበላሁም እቴቴ። ምንም አልበላሁም" አለና ጊታሩን እንዳነገተ ማጉያው ላይ ተቀመጠ። ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ አለቀሰ። ትከሻው ነው መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው፣ ከዚያ ድምፁ መጣ። ዘፋኟ ቀስ ብላ ሄዳ ጊታሩን ከአንገቱ አወጣችለትና መብራቱን አጥፉ አለች። የተወሰነ ሰው አጨበጨበ፣ የቀረው ግራ ገባው።

በሳምንቱ አስተማሪዋ ካስክ ውስጥ ሆና ሐያሲው የጻፈውን አነበበችልኝ። "መድረክ ላይ ግን ትራኩ ኃይሉን አጥቷል። ቤዝ ተጫዋቹ ቃሉን ለውጦ፣ ስሜት አብዝቶ ያንን ዕፁብ ዝምታ አበላሽቶታል" ይላል። አስተማሪዋ አዘነችልኝ። ይጻፍ፤ ሥራው ነው።

ሐያሲው ያላየው ከመድረኩ ጀርባ ያለውን ክፍል ነው። ወንበር ተነባብሮ የተቀመጠበት ጠባብ ክፍል ነበር። አንዱን አውርጄ ወንድሜን አስቀመጥኩትና ምሳ ዕቃውን ከፍቼ ማንኪያ አስያዝኩት። እያለቀሰ በላ። ሩዙ ቀዝቅዟል፣ ንፍጡ ይወርዳል፤ እየጠረገ ይጎርሳል። ሲጨርስ የምሳ ዕቃውን ታች አየና ቀና አለ።

"ሌላ አለ?" አለኝ።