«የጾም ነው» ተብዬ የበላሁት ሽሮ

በመጀመሪያ የታችኛው ከንፈሬ አሳከከኝ። ቀጥሎ ምላሴ ከበደኝ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር፤ በምሠራባት የጎረቤት አገር ወደብ ከተማ፣ ቡላኦስ ሰፈር በሚገኝ አንድ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት ለምሳ ካዘዝኩት ሽሮ ገና ሦስት ጊዜ መጉረሴ ነበር።

ለውዝ እንደማይስማማኝ ከዓመታት በፊት ጀምሮ አውቃለሁ። ከከንፈር እብጠት አልፎ ስለማያውቅ ግን ለማሳከኩ ክኒን ከመያዝ በቀር በሽታ ብዬ አልቆጠርኩትም፤ ለሰው መንገርም አልወድም። ስለዚህ አስተናጋጇን የጠየቅኋት በደፈናው ነበር፦ «ውስጡ ምን አለበት?»

«አይስጉ እትዬ፣ የጾም ነው። ቅቤ የሚባል አልነካውም» አለችኝ።

የምሠራው ወደቡ አጠገብ ባለ የትራንዚት ድርጅት ነው። ሰነዱ ላይ የተጻፈውና ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ዕቃ አንድ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ያን ቀን ሰነዱን ብቻ አምኜ በላሁ።

ደረቴ ጠበበ። ድምፄ ጠፋ። ፊት ለፊቴ ይበላ የነበረ የከባድ መኪና ሾፌር ቀና አለ። «እኚህ ሴትዮ እየተነፈሱ አይደሉም» አለ። ተሸክሞ ታክሲ ውስጥ አስገባኝ። መንገዱን አላስታውስም።

የድንገተኛ ክፍል ሐኪሟ ጭኔ ላይ አድሬናሊን ወጋችኝ። አየር ገባልኝ። ሕመሙ አናፊላክሲስ የሚባል፣ ትንፋሽ የሚዘጋ ድንገተኛ አለርጂ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ያገኘችውን የአለርጂ ክኒን እያሳየችኝ፣ «ማዳም፣ ይህ ማሳከክን ያስታግሳል እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም» አለችኝ። ሕመሙ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችልም ለሰዓታት አልለቀቀችኝም።

ከዚያ በኋላ ሰው ማመን አቃተኝ። ባልደረቦቼ ራስ ዲካ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ሲጋብዙኝ ውኃ ብቻ እጠጣ ነበር፤ ብርጭቆውንም አሸትት ነበር። አስተናጋጇ ዋሽታኛለች ብዬ ስለደመደምኩ፣ በመጨረሻ ወደ ምግብ ቤቱ ተመልሼ የምታበስለውን ወይዘሮ ዘነበችን ጠየቅኋት።

«ልጅቷ ምን ዋሸች?» አለችኝ፣ እጇን እየጠረገች። «ቅቤ በማይገባበት ወቅት ሽሮው እንዲጣፍጥ ለውዝ ፈጭቼ እጨምርበታለሁ። በጾም ‹ምን አለበት?› የሚለኝ ሁሉ ቅቤ ፈርቶ ነው። እርስዎ የሚፈሩትን መቼ ነገሩን?»

ለውዝ ምን እንዳደረገኝ ከመጀመሪያው ነገርኳት።

እንደ እኔ ላላችሁ የምመክረው ይህንኑ ነው። «ምን አለበት?» አትበሉ፤ «ይህን ከበላሁ ልሞት እችላለሁ» በሉ፤ ከማዘዛችሁ በፊት፣ ለሚያስተናግደው ብቻ ሳይሆን ለሚያበስለውም ጭምር ንገሩ። የመጥበሻው ዘይትና ጭልፋው የማይስማማችሁን ነገር ነክተው እንደሆነ ጠይቁ፤ መላሹ ካመነታ ተነሥታችሁ ውጡ። ሐኪም ያዘዘላችሁን አድሬናሊን በዚህ ከተማ ሙቀት መኪና ውስጥ አትተዉት፤ አብሯችሁ ለሚበላው ሰው የት እንዳስቀመጣችሁትና እንዴት እንደሚወጋ አሳዩት። ከተወጋችሁ በኋላ ቢሻላችሁም ሐኪም ቤት ሂዱ።

ሐኪሟን በአካል አመስግኛለሁ። የሾፌሩን ስም ግን አልጠየቅሁም፤ ዛሬም ወደ ምግብ ቤቱ ሾፌሮች ሲገቡ ፊታቸውን አንድ በአንድ አያለሁ።

ወይዘሮ ዘነበች ለእኔ የሚሆን ትንሽ ድስትና እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ጭልፋ ለይታ አስቀምጣለች። በሩ ላይ ስታየኝ ወደ ጓዳ ትጣራለች፦ «ጉምሩክ መጡ፤ ድስቱን ክፈቱላቸው!»

ሁሉም ይስቃል። እኔም ፈገግ እላለሁ፤ ከዚያ ግን ጓዳ ገብቼ ድስቱን አያለሁ።