ዕፀገነት እና እጸገነት

ዕፀገነት ሁልጊዜ ጠዋት ቢሮ ስትገባ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን የሸፈነውን የጥልፍ ጨርቅ ታነሳና ከደጅ አራግፋ ታጥፈዋለች። በሁለት ሺህ አንድ ዓ.ም. ቦንጋ ውስጥ በዚያ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የምትነካው እሷ ብቻ ነበረች። ሥራዋ ሁለት ሰንጠረዦችን ማገናኘት ነው፤ በአንዱ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች አሉ፣ በሌላው ለቤት መሥሪያ ቦታ የተመዘገቡ ሰዎች። በሁለቱም ስሙ የተገኘ ቦታ ይመራለታል።

ቀድሞ ማሽኑ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሌላውን ሰንጠረዥ ከላይ እስከ ታች ያነብ ስለነበር ጠዋት የተጀመረው ለምሳ አይደርስም። ከጅማ የመጣው ባለሙያ ሀምዛ ይህን አይቶ ሳቀ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሺሺንዳ ገበያ ገብቶ አንድ ሰው ለማግኘት ሁሉንም ስም መጠየቅ፣ ለሁለተኛው ሰው ደግሞ ወጥቶ እንደገና መግባት ነው።»

ሁለቱንም ሰንጠረዦች በፊደል ተራ አስደረደራቸው። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ በየሰንጠረዡ አንድ አንድ ጣት ያስቀመጠ ያህል አብሮ ይወርዳል፤ ስሞቹ ከገጠሙ ይይዛል፣ ካልገጠሙ ወደኋላ የቀረውን ጣት ያወርዳል። ወደ ላይ አይመለስም። ወንበሯን ሳታሞቅ ሥራው አለቀ፤ ሀምዛም ወደ ቢታ ገነት ከተማ ሄደ።

በውጤቱ ውስጥ እሷ ራሷ የለችም። ከሠራተኞቹ መሀል «ዕፀገነት» ናት፤ ለቦታ የመዘገባት ሰው ግን «እጸገነት» ብሎ ጽፏታል። ሲጠሩ አንድ ናቸው። በፊደል ተራ ግን አ ከዐ ስለሚቀድም፣ አንዱ ጣት አልፎ ከሄደ በኋላ ነው ሌላው የደረሰው።

ስሙን እንድታስተካክል እንዲፈቅዱላት ኃላፊውን አቶ ተሰማን ጠየቀች። ሠራተኛ የራሱን መረጃ መንካት ክልክል ነው አሏት። እንግዲያው እርስዎ ይንኩት ብትላቸው ኮምፒውተር አይችሉም።

«ጋሽ ተሰማ፣ እኔን አያውቁኝም?»

«አንቺንማ አውቅሻለሁ። እሷን ነው የማላውቃት።»

ጉዳዩ ለኮሚቴ ቀረበ። ኮሚቴው ሁለቱም በአካል እንዲቀርቡ ወሰነ፤ ሁለቱን ጥሪዎች የጻፈችው እሷው ነበረች። በቀጠሮው ዕለት ቀድማ ገብታ ተቀመጠች። ትንሽ ከተጠበቀ በኋላ አንድ አባል በር ላይ ወጥቶ ስም ጠራ።

«አቤት» አለች ከውስጥ።

«አንቺማ ቀርበሻል፤ ጓደኛሽን ነው የምንጠብቀው» አለቻት ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ላቀች፣ በትህትና።

በቃለ ጉባኤው ዕፀገነት ቀርባለች፣ እጸገነት አልቀረበችም ተባለ። ቦታው የተያዘው ባልቀረበችው ስም ስለነበር፣ ዐርብ ዕለት በወረፋ ለሚከተለው ለሳምሶን ተመራለት።