ሣሩን የረገጠው ሰውዬ

ሰሞኑን ሰውዬው በሰው አገር ሞተ ተባለና የአርባ ምንጯ ሰፈራችን ሲቀላ ታመሰች። አምና «ሌባ» ሲሉት የነበሩት ፌስቡክ ላይ ሻማ ለጠፉለት። ጫማውን ሲጠርጉለት የኖሩት ደግሞ «ድሮም አልወደውም ነበር» አሉ። ጋዜጣውስ? ሥልጣን ላይ እያለ «አርቆ አሳቢው»፣ ሲሸሽ «ከሃዲው»፣ ሲሞት «አንጋፋው ፖለቲከኛ»! እኔ ፊደል የቆጠርኩት አሣ በምጠቀልልበት ጋዜጣ ነው፤ ጠባዩን አውቀዋለሁ። ዘይት ሲነካው ፊትና ጀርባው አንድ ላይ ይነበባል።

እንደኔ አሣ የሚጠብስ አርባ ምንጭ ውስጥ የለም፤ ካለ ይምጣ። ቤቴ ሁሌ ሙሉ ነው። ታዲያ አንዱ ተማሪ ስልኩን ዘረጋልኝ።

«ጋሼ፣ እየው፤ እናንተ ጋ እንዴት እንደተቀበሉት!»

የድሮ ፎቶ ነው። ሰውዬው እየሳቀ እርጥብ ሣር ላይ ይራመዳል። ከሥሩ «ሕዝቡ ሣር ጎዝጉዞ ሲቀበላቸው» ይላል። ቱ! እዚያ ቦታ እኮ ነበርኩ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። እንደኔ ያለ ጉሮሮ በጋሞ ምድር አልነበረም፤ ስለዚህ ሰውዬው አገራችን ጨንቻ ሲመጣ ድምፅ ማጉያውን ለእኔ ሰጡኝ። የሐምሌ ጭቃ መኪናዎቹን መንገድ ላይ ይዟቸው፣ እኛ በጉም ውስጥ ቆጮ በዳጣ እየበላን ጠበቅን። የዳጣው ቃሪያ ምላሴን እያቃጠለኝም ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጳውሎስ «የግጦሽ መሬታችን አይወሰድ» ብሎ ታስሮ ነበር። አባቴና ሽማግሌዎቹ እንዲፈታላቸው ሊለምኑ መክረው ወጥተዋል።

እኛ ጋ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ጦር የመዘዘም ይመለሳል። ያንን ሣር ማለፍ ነውር ነው፤ እርግማን ነው። መኪናው ሲቆም አባቴ ጭቃው ላይ ተንበረከከና ሣሩን ከፊቱ ዘረጋ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ሰውዬው ያደገው ሣር ለበዓል በሚጎዘጎዝበት አገር ነው። ፊቱ በራ። «ኧረ አባቶች፣ ይህን ሁሉ ደክማችሁ!» አለና ረግጦት አለፈ! ካሜራው ቀጭ ቀጭ አለ።

አባቴ አማርኛ አይችልም። እንደተንበረከከ ዞሮ አየኝና በጋሞኛ «ንገረው እንጂ!» አለኝ።

ድምፅ ማጉያው እጄ ላይ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚፈለገው። አጠገቤ የቆመው ካድሬ በክርኑ ጎሰመኝ፤ «ምን ሆነሃል? ቀጥል!» እኔም ቀጠልኩ፤ «እንኳን ደህና መጡ!» ሕዝቡ አጨበጨበ። በማግስቱ ሬዲዮው «በእርጥብ ሣር ደማቅ አቀባበል» አለ። ጳውሎስም ሳይፈታ ሁለት ዓመት ቆየ።

ይህን ሁሉ ለደንበኞቼ እየተረክሁ፣ የሰውዬውን አረማመድ እያሳየሁ ቤቱን በሳቅ ስገድል፣ ጳውሎስ ራሱ ለምሳ ገባ። ተማሪው ዘሎ ተነሣለት።

«ጋሽ ጳውሎስ፣ ሰውዬው ሞተ። እሰይ አላሉም?»

«ምን ያደርግልኛል?» አለ እየተቀመጠ። «እሱ እንደሆነ ሣሩን አላወቀውም።»

 አሣውን አቀረብኩለትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። እኔ ወሬ የማይጠፋኝ ሰው ነኝ፤ የአገር ጋዜጠኛ ሁሉ ተሰብስቦ ከእኔ ጋር ቢያወራ ይደክመዋል። አንዲት ቃል ግን ይኸው ፀጉሬ እስኪሸብት ጉሮሮዬ ላይ ቆማ ነበር። ሰው ላይ መሳቅ ቀላል ነው፤ በተለይ ሟች ላይ።

«ጳውሎስ» አልኩት፣ «እኔ ግን ሣሩን አውቀው ነበር።»

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። የአሣውን እሾህ ከጣቱ ላይ አራገፈ።

«ታዲያ ይህን ለማለት እሱ እስኪሞት ጠበቅክ?»